ሰሙ ቀይ ነው

ጥር ነው፥ ትሮንድሄም፤ ሦስት ሰዓት ከጠዋቱ፤
ፀሐይ አልወጣችም፤ ጥቁር ነው መስኮቱ።
እርጥብ ጓንት ተደርድሮ ማሞቂያው ላይ ይጤሳል፤
የሱፍ ሽታ፥ የብርቱካን ልጣጭ ሽታ ክፍሉን ይልሳል።

መምህርት ቱሪድ መጽሐፉን ከደነችው፤
«ዛሬ እሱ አያወራም» ብላ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።
መጽሐፉ ደግ ነበር፤ ሁሉን አስተካክሎ፥
ሻካራውን ልጎ፥ ጉጡን ቆርጦ ጥሎ፥
«ነፃነት» ይል ነበር፥ ጽፎት በደማቁ።
እሷ ግን ያመጣችው
የዋናውን ቅጂ ነው፥ ከነእድፉ ከነስንጥቁ፤
መቶ አሥራ ሁለት ሰው የፈረመበት፥
በየስሙ አጠገብ ቀይ ሰም የታተመበት።

«ሰም» ስትል ፈገግ አልኩ፥ ከኋላው ወንበር፤
ረዳት መምህር ነኝ፤ በልጅነቴ የሰማሁት ነበር፦
ሰም ካለ ወርቅ አለ፤ ፈልፍለህ አውጣው።
እዚህ ሰሙ ቀይ ነው። ወርቁን ማን ያምጣው?

ጽሕፈቱ እንደ አጥር እሾህ የተቆላለፈ፤
አንዱ ልጅ አፈጠጠ፥ አንዱ አኮረፈ።
ቱሪድም አለች፦ «በእጃችሁ ገልብጡት፤
ዓይን ይዘልላል፤ እጅ አይዘልም፤ አትሩጡበት።»

ከዚያ የብዕር ድምፅ ብቻ፤ እንደ ካፊያ።

ሁለተኛው አንቀጽ ላይ የሩቤን እጅ ቆመ።

አያቱ ከድልድዩ ማዶ ብስክሌት ይጠግናል፤
ቅዳሜ ሱቁ ዝግ ነው፤ ሰፈሩ ለምዶታል።
አንቀጹም እንዲህ ይላል፦
«አይሁድ አሁንም ወደ መንግሥቱ እንዳይገቡ የተከለከሉ ናቸው።»

ካፊያው አባራ፤ ብዕሩ ሁሉ አንድ በአንድ፥
ሩቤንን አይተው አይደለም፤ ሲደርሱ ቃሏ ዘንድ።
ማንም ዞሮ አላየውም።
አለማየታቸው ግን ጮኸ።

ሂባቅ ናት የጠየቀች፤ ድምጿ ዝግ ብሎ፦
«ይህን የጻፈው ሰውዬ… እጁ አልቆመም?»

ሃያ ሦስት ራስ ወደ ቅጂው አጎነበሰ።
ቀለሙ አልተደናቀፈም።
እንደ ላይኛው መስመር፥ እንደ ታችኛው፥
ለስላሳ፥ ጅማቱ የተስተካከለ፥ ያማረ የእጅ ጽሕፈት።

ቱሪድ «ዘመኑ ነው» አላለችም።
ጠመኔ አነሣች፤ አንዲት ቃል ጻፈች፦ አሁንም።
ትታውም ቆመች፥ እጇን በሹራቧ ጠርጋ።

እኔም በልቤ፥ በሌላ አገር ንባብ፥ እንዲህ ፈታሁት፦

አሁንም አለ፤ ዱሮም ተከልክለው ነበር፥ ነገሩ አዲስ አይደለም ሲል ነው።
አንድም፥ ሁሉ በሚታደስበት ቀን ይህቺ ብቻ እንዳለች ትቆይ ሲል ነው።
አንድም፥ ጸሐፊው አፍሮ ጥፋቱን ለአባቶቹ ሊያሸክም ነው።
አንድም…
አራተኛውን አላገኘሁትም።

ሁለተኛ ወረቀት ታደለ፤ መስመሯ የወጣችበት።
ኦድቫር በጣቱ ቆጠረ፥ ደገመ፥ ተጠራጠረበት፦
«ሠላሳ ሰባት ዓመት? አንዲት መስመር ለመሰረዝ?»
«እኔ ላጲስ አለኝ» አለ ከፊት አንድ ትንሽ።
ለመሳቅ አፋችንን ከፍተን፥ ሳንስቅ ቀረን።

ሩቤን ይህን ጊዜ ሁሉ እየጻፈ ነበር።

ደወሉ ተደወለ። ጓንት ተነሣ፤
ኮሪደሩ በጫማ ድምፅ ተንጫጫ፥ ቀዝቃዛ ነፋስ ገባ።
ደብተር የምሰበስበው እኔ ነኝ።
የሩቤንን ገለጥኩ፤ ቃል አልጎደለም፥
ቀጣዩን ገለጥኩ፤ ባዶ ነው፤ ቀለም የለም።
ጣቴን ሳሳርፍበት ግን
መስመሯ ከባዶው ገጽ ውስጥ ጎድጉዳ ትዳሰሳለች፤
እንዴት አድርጎ ተጭኖ ኖሯል!

ፀሐይ አሁን ነው የወጣችው፥ ጎን ለጎን፥ እንደ ሌባ።
ገጹን ወደ መስኮቱ አዘነበልኩት፦
አሁንም ትነበባለች።

ለቱሪድ አሳየኋት። አውራ ጣቷን አሳለፈችበት፥
ተመለሰች፥ ደግማ አሳለፈችበት።
ለነገው ክፍል ከምንጮቹ ጋር ልታኖረው ፈለገች፤
ተወችው።
ቢጫ ቁራጭ ወረቀት ለጠፈችበትና ጻፈች፦
«ሩቤን፥ ይህን ባዶ ገጽ ታውሰናለህ?
እምቢ ካልክም ገባኝ።»